አባቶቻችንን ስላቀዘቀዙልን እናመሰግናለን

ከአዶቬ ሰፈር፣ ከሐይቁ ዳር

ለክቡር ሙሴ ፍሎረንቲን ሜሂንቶ
የከተማችን የቅርስና የእንግዳ አቀባበል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ብርድን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለቤትዎ እንዴት ሰነበቱ? ልጆችዎ እንዴት ሰነበቱ? የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣስ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው ጉዳዬን ይዤ ደጅ ስጠናዎ ውኃ ያንጠባጥብ ነበርና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳብ ይዞኛል። እኛ የአዶቬ ሰፈር ሰዎች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር ደኅና ነን። በመጋቢት ወር፣ በባሕር ጠረፍ፣ የዘንባባ ዘይት ረግቶ በማያውቅበት አገር ተቀምጠን ስለ ብርድ ስናማርር የሚሰማን ሰው ያበድን ሊመስለው ይችላል፤ እርስዎ ግን ይረዱናል፣ ብርዱን ያመጡልን እርስዎ ነዎትና።

እኔ ሁዌፋ አክፓቪ እባላለሁ፤ ከሐይቁ የሚወጣውን ዓሣ በጢስ አድርቄ እሸጣለሁ። ቤቴ ከዘንዶዎቹ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፤ በታደሰው ቤታቸው ምረቃ ዕለት «ይቺን ጢስ ጢስ የምትል ሴትዮ ከካሜራው ፊት ዞር አድርጉልኝ» ብለው ያዘዙት ስለ እኔ ነበር። ስላዩኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ በፊት መኖሬን የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር።

ብዕር እንዳነሣ ያስገደደኝ ባለፈው ሰኞ በቤቴ በር ላይ ያስለጠፉት ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ናዬ የምንላት እናት ዘንዶ ከእኔ ምድጃ ሥር ከነእንቁላሎቿ ተነሥታ እስከ መጪው ዓርብ ወደ ታደሰው ቤት እንድትመለስ፣ ምድጃዬም እንዲፈርስ ይላል። የትእዛዙ ፊደል እጅግ ያምራል። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ግን፣ ውለታን ሳይቆጥሩ ማለፍ ነውር ነውና፣ የዋሉልንን ውለታ በቅደም ተከተል እንድዘረዝር ይፍቀዱልኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ የእኛን ሰፈር የማያውቅ ሰውም ያነብበው ይሆናል። ለእሱ ሁለት ቃል ልበል። የእኛ ዘንዶዎች ዘንዶ ይባሉ እንጂ ሁለት ክንድ ቢሞላቸው ነው። መርዝ የላቸውም፤ ሲፈሩ ተጠቅልለው ኳስ ይሆናሉ እንጂ ሰው አይነክሱም። አባቶቻችን እንላቸዋለን። የኖሩበት ቤት ክብ ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ሣር፣ ወለሉ አሸዋ። አንዱ ጥግ ፀሐይ ያገኘዋል፣ አንዱ ጥግ ጥላ ነው፣ አባቶቻችንም እንደፈቀዳቸው ከዚህ ወደዚያ ይሳባሉ። ሲመሽ በሩ ተከፍቶላቸው ወጥተው አይጣቸውን ያድናሉ። መንገድ ስቶ ሰው ቤት ያደረ ካለ ያገኘው ሰው ተንበርክኮ ሰላምታ ይሰጥና አንገቱ ላይ አድርጎ ወደ ቤታቸው ይመልሳቸዋል። ይህን ሥርዓት ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

እርስዎ ከዋና ከተማው የመጡ እንግዶችን አስከትለው ይህንን ቤት የጎበኙት በታኅሣሥ፣ ሐርማታን የምንለው ደረቁ የበረሃ ነፋስ ገና ሳይነፍስ ነበር። ያን ዕለት ያላበዎትን ላብ እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ ባለጥልፉ ሰፊ ልብስዎ ከጀርባዎ ጋር ተጣብቆ ነበር። እንዲህም አሉ፦ «የከንቲባው ጸሐፊ እንኳ ኤሲ አላት! አባቶቻችንን እዚህ ምድጃ ውስጥ ጥለን እኛ በምን ዓይናችን ነው ቢሮ የምንገባው?» ሰፈሩ አጨበጨበ። አንዳንዶቹ አለቀሱ።

ክቡር ሆይ፣ በዚያ ንግግርዎ አልፈርድብዎትም። ያደግነው አንድ ቦታ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ የመጣበትን ሳይጠየቅ ቀዝቃዛ ውኃ ይሰጠዋል። ሽማግሌ ሲመጣ ጥላው ይለቀቅለታል። ስንመርቅ «ቤትህ ይቀዝቅዝ፣ ልብህ ይቀዝቅዝ» ነው የምንለው፣ ስንራገም ደግሞ እሳት ነው የምንጠራው። ሰውም በሹመት ከፍ ባለ ቁጥር ቢሮው እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ እኔ ራሴ ከእርስዎ ቢሮ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ስወጣ «እኚህስ እውነትም ትልቅ ሰው ናቸው» ብያለሁ። ስለዚህ ለአባቶቻችን ብርድ መስጠትዎ ከአክብሮት እንጂ ከክፋት አልነበረም፤ ከሌላ አገር የመጣ ሹም ቢሆን ይህ ስሕተት ባልመጣለትም ነበር። ችግሩ አንድ ብቻ ነው። በሰፈራችን ካሉት ሽማግሌዎች ሁሉ እንዲህ ሲያከብሩት የሚሞተው እባብ ብቻ ነው። እባብ የራሱ ሙቀት የለውም፤ ከተኛበት መሬትና ከተጠጋበት ግድግዳ ተበድሮ ነው የሚኖረው። ያበዳሪዎቹን በር ነው የዘጉበት።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማቀዝቀዣ ማሽኖቹ። ለአባቶቻችን ቤት አንድ ሲበቃ ሁለት ስለተከሉልን እናመሰግናለን። ጠባቂያችን ዳ ሳግቦ («ዳ» ጋሼ እንደማለት ነው)፣ አባታቸውም አያታቸውም የዚያ ቤት ጠባቂ የነበሩት ሰውዬ፣ የሙቀቱ ቁጥር ለምን አሥራ ስምንት ላይ እንደቆመ በትሕትና ቢጠይቁዎ «የእኔም ቢሮ አሥራ ስምንት ነው» ብለው መለሱላቸው። ከዚህ በላይ መልስ የለም። ሪሞቱ እንዳይጠፋ በማለትም በቢሮዎ መሳቢያ ቆልፈውበታል፤ ያ ሪሞት ከአዶቬ ዜሚጃን በምንለው የኪራይ ሞተር ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ እንደሚያድር ስናስብ ልባችን ያርፋል። ባለፈው ዳ ሳግቦን የሚስታቸውን ነጠላ ተከናንበው፣ እግራቸው ላይ ካልሲ ደርበው የመስታወት በር በተገጠመለት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ባገኘኋቸው ጊዜ ዝም ማለት አቅቶኝ «ምነው ዳ፣ እርስዎ እያሉ ይሄ ሁሉ ሲሆን?» ብላቸው «ምን ላድርግ እህቴ? ቁልፉ እሳቸው ኪስ፣ ሪሞቱ እሳቸው መሳቢያ። ለኔ የደረሰኝ ብርዱ ነው» አሉኝ። ቢያንስ እሳቸው ሚስት አላቸው፣ ነጠላም አላቸው። አባቶቻችን ምን ይልበሱ?

ሁለተኛ፣ ስለ ቤቱ። ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ወጣ፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ተመታ፣ አሸዋው ተጠርጎ ነጭ ሴራሚክ ተነጠፈ። ያ ሴራሚክ እንዴት እንደሚያበራ! በላዩ ላይ ለመሳብ የሚሞክር ዘንዶ ካለበት ፈቀቅ ሳይል ሲወራጭ ይውላል፤ ጎብኚ «እየጨፈረ ነው» ይላል። ሙቀት መለኪያው በሩ አጠገብ፣ በእርስዎ ዓይን ቁመት ልክ ተሰቅሏል። አባቶቻችን ግን እንደሚያውቁት በእርስዎ ቁመት ልክ አይኖሩም፤ የሚኖሩት ብርዱ ወርዶ በሚተኛበት በወለሉ ላይ ነው። የመስታወቱ በር ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ማታ ማታ አይከፈትም ተብሏል። ስለዚህ አደን ቀርቶ ጽሕፈት ቤትዎ በካርቶን ነጫጭ አይጦች ይልክላቸዋል። ብርድ የያዘው እባብ አይበላም፤ ቢውጥም አይፈጭለትም፣ መልሶ ይተፋዋል። አንድ ጧት በመስታወቱ ሳይ አንዱ አይጥ አባታችን ጀርባ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ይታጠባል። ዕድሜ ለእርስዎ፣ በአዶቬ አይጥ ከእባብ ጋር በሰላም መኖር ጀምሯል።

ሦስተኛ፦ ይህ ቁጥር ለጊዜው ባዶ ይቆይ። ስለ እሱ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብሞክር እጄ እሺ አላለኝም። እመለስበታለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ምረቃው። በታላቁ በዓላችን ቀን፣ በጥር፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ባለበት፣ እርስዎ ከቀዝቃዛው ቤት አንዱን ዘንዶ አንሥተው አንገትዎ ላይ ጠምጥመው ለፎቶ ቆሙ። አባታችን አሳዛኝ ነበሩ፤ ከታሰሩ ጀምሮ ያገኙት የመጀመሪያው ሙቅ ነገር የእርስዎ ሥጋ ነበር። በኮሌታዎ ገብተው፣ በደረትዎ ወርደው፣ ብብትዎ ሥር ጥቅልል ብለው ተቀመጡ፤ ንግግርዎን ሲያሰሙም፣ እንግዳ ሲሸኙም፣ ምሳ ሲቀርብም አልወጡም። ዳ ሳግቦ እጃቸውን በልብስዎ ውስጥ ሰድደው ሲለምኗቸው እርስዎ እንደተኮረኮረ ልጅ እየተቁነጠነጡ «ተዋቸው፣ ይባርኩኝ!» ይሉ ነበር። የከተማው ሬዲዮም ማታ «አባታችን ኃላፊውን አቀፉ» ብሎ ዘገበ። ውሸት አይደለም፣ አቅፈውዎታል። በበረዶ ላይ የወደቀ ሰው አህያም ቢያገኝ ያቅፋል።

አምስተኛ፣ ስለ እንግዶቼ። የማሽኑ ቧንቧ ግድግዳውን በስቶ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሠራተኞችዎ ከቧንቧው አስፍተው ስለተዉት ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ፤ በዚያ ቤት ላይ ከተሠራው ሥራ ሁሉ ደግ ሥራ እሱ ነው። አባቶቻችን በዚያ ቀዳዳ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። የሄዱት ሙቀት ወዳለበት ነው። አንዱ የማቀዝቀዣ ሣጥኔ ሞተር ላይ፣ አንዱ ከጎረቤቴ ቴሌቪዥን ጀርባ፣ አንዱ ዓይኗ የማያየው አማቴ አልጋ ውስጥ። አማቴ ያን ጧት በዳበሳ አግኝታቸው እንደ ወጉ ሰላምታዋን ካደረሰች በኋላ «የት ልትሄድ ነው አባቴ? ሙሴ ፍሎረንቲን እዚያ የሥጋ ማቀዝቀዣ ቤት ከፍተዋል አሉ። እዚሁ እግሬ ሥር ሁን፣ ብቻ እንዳትራገጥ» ስትላቸው ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ ሥርዓታችን ከኅሊናችን ጋር ተጣላ፤ ያጣሉት እርስዎ ነዎት። ያገኛቸው ሰው ወደ ቤታቸው ይመልሳቸው ይላል ሥርዓቱ። ስንመልሳቸው ግን ወደ ብርዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንገታችን ላይ አድርገን፣ በመንገድ ስንሄድ በላባችን እየሞቁ፣ በመስታወቱ በር ስናስገባቸው አንገታችንን አልለቅ እያሉ፣ እያላቀቅን መለስናቸው። እኔ አንዱን ያላቀቅሁበትን ጧት አልረሳውም፤ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ የአዶቬ ሰው ዘንዶ ሲያገኝ «አላየሁም» ማለት ለመደ። ሰፈር ሙሉ ሰው፣ ለአባቶቹ ሲል፣ ውሸታም ሆነ።

ከቤታቸው ያልራቁት ደግሞ ሌላ ነገር አገኙ። በቀዳዳው ወጥተው ከጓሮው ከማሽኖቹ ጀርባ ይሰበሰባሉ፣ ምክንያቱም፣ ክቡር ሆይ፣ ያ ማሽን ከፊቱ ብርድ ሲተፋ ከኋላው ሙቀት ይተፋል። ቀን ቀን አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው እዚያ ይተኛሉ። እንግዲህ ገንዘቡ ባክኗል የሚሉ ሐሜተኞችን አልቀበልም፤ ማሽኑ አባቶቻችንን እያሞቀ ነው። ዞሮ የተገጠመ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፣ ስለ ግድግዳውና ስለ ናዬ። ናዬ ማለት እትዬ እንደማለት ነው። በዘንዶዎቹ ቤት ካሉት እናቶች ሁሉ ታላቋ እሷ ናት። የእኔ ምድጃ ከእነሱ ግድግዳ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው፤ የባሌ እናት እዚያው ዓሣ ታጨስ ነበር፣ የእሷም እናት። በዚያኛው በኩል ግድግዳው ሥር አንድ ግማሽ የተቀበረ አሮጌ እንስራ አለ፤ እናቶቹ በየዓመቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነበር። ጭቃው ቀን ከእሳቴ የወሰደውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ለእነሱ ይሰጣቸው ነበር። ይህን ማንም አላቀደውም፤ እኛም አናውቅም ነበር። እኛ ዓሣችንን እናጨሳለን፣ እነሱ እንቁላላቸውን ያቅፋሉ፣ አንዳችን ሌላውን አስቸግረን አናውቅም። ያወቅነው እርስዎ ግድግዳውን በሴራሚክ ሲለብጡትና እንስራውን «ቆሻሻ» ብለው ሲያስጥሉት ነው። እንስራውን ከቆሻሻው ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ የኮኮናት ልጣጭ ላስቀምጥበት ብዬ ከምድጃዬ ጎን አኖርኩት።

ናዬ ሆዷ ከብዶ በቀዳዳው ወጣች። እንዴት እንዳለፈች አላውቅም፤ ከጎንዋ ላይ ቆዳዋ ተልጦ ነበር። በእኔ ግቢ ስትሳብ ያየናት ጧት ነው፤ አማቴን፣ ዳ ሳግቦንና እኔን አልፋ ሄዳ፣ ያንን እንስራ አገኘችው። እንቁላሎቿን ልጣጩ ላይ ጣለች፣ ዞራ ተጠመጠመችባቸው፣ ጭንቅላቷን ከላይ አደረገች። እስካሁን እዚያው ናት። አትበላም፣ አትነቃነቅም። እናት ዘንዶ እንቁላሎቿ እስኪፈለፈሉ እንዲህ ነው የምትሆነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ ባይኖረኝም እሳቴን አላጠፋሁም፤ ጎረቤቶቼ ልጣጭና ጭራሮ እያመጡ ይጥሉልኛል፣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ትእዛዝዎ ናዬን «ከይዞታዋ የተወሰደች ቅርስ» ይላታል። እኔንም «ቅርስን ያለ ፈቃድ ያስጠለለች ግለሰብ» ይለኛል። የጢሱ ነገር ደግሞ ነጩን ቀለም ያጠቁራል ብሎ ምድጃውን ያፈርሳል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። እኔ አልወሰድኳትም፤ እርስዎ አባረሯት፣ እሷም በእግሯ መጣች እንዳልል እግር የላትም።

አሁን ወደ ሦስተኛው እመለሳለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጭራ ቆራጣው። የጭራቸው ጫፍ የተቆረጠ ሽማግሌ ዘንዶ ነበሩ። ሙሽራ ሆኜ ወደ አዶቬ የመጣሁ ዕለት አልጋዬ ላይ ተኝተው ያገኘኋቸው እሳቸውን ነው፤ ጮኼ ስወጣ ሴቶቹ እልል ብለው ያቀፉኝ፣ አማቴም «አባታችን ቀድመውሽ ቤትሽን አሞቁልሽ» ያለችኝ ያን ዕለት ነው። የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ ጊዜም በራሳቸው ጊዜ መጥተው መደቡ ሥር አድረዋል። ስለ እሳቸው ስጽፍ ቀልድ አይመጣልኝም፣ ይቅርታዎን።

ሽማግሌ ስለነበሩ ቀዳዳው ድረስ ለመውጣት አቅም አልነበራቸውም። በየካቲት አፋቸው አረፋ መድፈቅ ጀመረ፤ ሲተነፍሱ ያፏጫሉ፣ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው አየር ይፈልጋሉ። ዳ ሳግቦ ቢሮዎ ድረስ ሄደው ሐኪም ይላክልን አሉ። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ የማሽን ባለሙያ ላኩ። ሰውየው ደግ ሰው ነው፤ መሰላሉን አቁሞ ሁለቱንም ፈትሾ «ጤነኛ ናቸው፣ እንዲያውም አንደኛ ናቸው» ብሎን ሄደ። ማሽኖቹ በሕይወት በመኖራቸው ፈጣሪን አመሰገንን።

ጭራ ቆራጣው የሞቱት እሑድ ነው፣ ጎብኚ በሚበዛበት ቀን። በመስታወቱ በኩል ጥጉ ላይ ተጠቅልለው ነበርና ሰው ሁሉ የተኙ መሰለው። ልጆቻቸውን መስታወቱ አጠገብ እያቆሙ ፎቶ ሲያነሡ ዋሉ። አንዲት ሴት «እንዴት ሰላማዊ ናቸው!» ስትል ሰማሁ። እኔ ከውጭ ቆሜ አየሁ፣ አወቅሁም፤ በሩ ግን የእርስዎ ነው፣ ቁልፉም የእርስዎ። የሞቱት አባታችን ሲመሽ ነው የወጡልን። በነጭ ጨርቅ ገነዝናቸው፣ ሶዳቢ የምንለውን የዘንባባ አረቄ አፈሰስንላቸው፣ ቀበርናቸው። ሰውነታቸው እጄ ላይ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር። አለቀስኩ። ለእባብ አላለቀስኩም፤ ቤቴን ቀድመው ላሞቁልኝ ሽማግሌ ነው ያለቀስኩት።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ስለ ዓርቡ ጉዳይ በአክብሮት የምመልሰው ይህንን ነው። ናዬ አትነሣም። የዘንዶ እንቁላል ከተገላበጠ ውስጡ ያለው ይሞታል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ እዚያው ይቀራል። ምድጃውም አይፈርስም። ሰዎችዎ ዓርብ ሲመጡ እሳቱ ይነድዳል፣ ዙሪያውን የአዶቬ ሴቶች ተቀምጠን እንጠብቃቸዋለን፣ አካሳ የምንለው የበቆሎ ገንፎም የተጠበሰው ዓሣም ቀርቦ ይቆያቸዋል፤ እንግዳን ባዶ አፉን መመለስ አናውቅምና። ከጠገቡ በኋላ እናቲቱን ሊያነሣ የሚደፍር ካለ አስቀድሞ ተንበርክኮ ሰላምታ ይስጣት። ከዚያ ዓይኗን እያየ ወዴት እንደሚወስዳት ይንገራት። ይህንን አድርጎ እጁን መዘርጋት የቻለ ሰው ቢገኝ እኔ ራሴ መንገዱን እለቅለታለሁ። የሚገኝ ግን አይመስለኝም፤ የላኳቸው ልጆች ሁሉ የእኛው ልጆች ናቸው፣ ሲወለዱ ዘንዶ መደባቸው ሥር ያደረላቸው።

ዳ ሳግቦም ነጠላቸውን ለሚስታቸው መልሰው፣ ካልሲያቸውን አውልቀው፣ ወንበራቸውን ወደ እኔ ግቢ አሻግረዋል። «እኔ የተቀጠርኩት ለአባቶች ነው፣ ለመስታወት አይደለም» ብለዋል። እባክዎ አይቆጧቸው፤ ሥራቸውን ጥለው አልሄዱም፣ ሥራቸውን ተከትለው ነው የሄዱት። ጎብኚዎችም እግር በእግር ተከትለዋቸዋል። ከጢሱ የተነሣ ዓይናቸው እያነባ ናዬን በሩቁ ያያሉ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ ያደርጋሉ። አንድም ሰው ስለ ሙቀቱ አላማረረም።

ስለ ቅን ልቦናዎ፣ ስለ ሁለቱ ማሽኖችዎ፣ ስለ ነጩ ሴራሚክ፣ ከሁሉም በላይ ስለዚያ ከልክ በላይ ስለሰፋው ቀዳዳ የሰፈሩን ምስጋና ደግሜ ደጋግሜ እያቀረብኩ፣ ቤትዎ እንደ ቢሮዎ ይቀዝቅዝ ብዬ እመርቅዎታለሁ።

ከጢሴ ጋር ከካሜራዎ ፊት ዞር ያልኩት፣
ታዛዥዎ ልሆን ሞክሬ ያልተሳካልኝ፣

ሁዌፋ አክፓቪ
ዓሣ አጫሽ፣ የናዬ አከራይ

ግልባጭ፦
ለክቡር ከንቲባው
ለማሽኖቹ ባለሙያ፣ ስለ ደግነቱ
ለናዬ፣ አማቴ በቃሏ ትነግራታለች

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ዳ ሳግቦ የመስታወቱን ቤት አይተው ተመለሱ። አንድም አባት የቀረ የለም፤ ሁሉም ወጥተዋል። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ያበራል፣ አሥራ ስምንት ላይ ነው። ያን የመሰለ ቤት ባዶውን ሲቀዘቅዝ ማየት ሰፈሩን ስላሳዘነው ተሰብስበን መከርንበት፣ በአንድ ድምፅም ለእርስዎ ይሁን አልን። ጠረጴዛዎን ይዘው ይግቡ። ሲመሽ በሩን ከፍተንልዎ ወጥተው እራትዎን ይፈልጋሉ። መንገድ ጠፍቶብዎ ሰው ቤት ያደሩ እንደሆነም አይስጉ፤ ያገኘዎት ሰው ተንበርክኮ ሰላምታ ሰጥቶዎ፣ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ምንም ያህል አልለቅም ቢሉት እያላቀቀ፣ ወደ ብርድዎ ይመልስዎታል።